መኪናችንን ለማን እንስጥ? ለዲለር ወይስ ለሰፈር ጋራዥ?



ዛሬ ስለ መኪና ሰርቪስ ላወራችሁ ነው። "ምነው፣ ርዕስ ጠፋ እንዴ?" እንዳትሉኝ። እዚህ ለንደን ብዙዎቻችን መሪውን የያዝነው እኛው ነን። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ መድረሳ፣ መሐል ላይ ሐኪም ቤትና ገበያ። መኪናው እንግዳ ድምፅ ሲያሰማ ቀድመን የምንሰማው እኛ ነን። ሰርቪስ የት ይደረግ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን "እሱ ያውቃል" ብለን እናልፈዋለን። እህቴ፣ ገንዘቡ የሚወጣው እኮ በየወሩ ለእናትሽ ከምትልኪበት ከዚያው ኪስ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትም ልጆችሽ ናቸው።

የእኛን ቤት ነገር ልንገርሽ። የምንኖረው ክሮይደን ነው። ኦገስት 29 ቀን 2023 ዩሌዝ ወደ መላው ለንደን ሲሰፋ የባለቤቴ አሮጌ ናፍጣ መኪና መስፈርቱን አላለፈችም። በተነዳችበት ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ከ50 ፔንስ መክፈል ልንጀምር ነው። አሮጌ መኪና ለሚያስወግዱ የለንደን ነዋሪዎች ከተዘጋጀው ድጎማ 2,000 ፓውንድ አገኘን። የቀረውን ከእህቶች ጋር ስጥለው ከነበረው ዕቁብ ሞላነው። ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ ሳንገባ አራት ዓመት ያገለገለች ቶዮታ ያሪስ ሃይብሪድ ገዛን፣ አልሐምዱሊላህ።

ሰርቪስ ሲደርስ ክርክሩ ተጀመረ። ባለቤቴ "የማውቀው ሰው ጋራዥ አለው፣ በግማሽ ዋጋ ይሠራልናል" አለ። እኔ ደግሞ ዲለሩ ጋ እንውሰዳት አልኩ። እሱ ዲለር ዘራፊ ነው ይላል፤ እኔ የዕቁብ ገንዘቤን በዘመድ እጅ ማስፈተሽ አልፈልግም። ሁለታችንም የምንናገረው ከሰማነው ነበር። ስለዚህ ነገሩን አጣርተን እንመካከር ብለን ተስማማን። ያገኘነው እነሆ።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ እህቶች "መኪናው ዋስትና እስካለው ድረስ ከዲለር ውጪ ከወሰድሽው ዋስትናው ይሰረዛል" ሲባል ሰምተዋል። እንደዚያ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ደግሞ ከጁን 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የራሷ የተሽከርካሪ ውድድር ደንብ መሠረት፣ በግል ጋራዥ ሰርቪስ ስላስደረግሽ ብቻ የአምራቹ ዋስትና አይቀርብሽም። የአሁኑ ደንብ እስከ ሜይ 31 ቀን 2029 ይቆያል።

ግን ሦስት ነገር መሟላት አለበት። ሰርቪሱ በአምራቹ የጊዜና የማይል ሰሌዳ መሠረት መደረግ አለበት። ዘይቱና መለዋወጫው የአምራቹን ደረጃ የሚያሟላ መሆን አለበት፤ የግድ የአምራቹ ስም የታተመበት መሆን የለበትም። የተሠራው ሁሉ ደግሞ በጽሑፍ መኖር አለበት። በዋስትና በነፃ የሚሠራ ጥገና ሲኖር ግን ወደ ዲለሩ መሄድሽ አይቀርም። አምራቹ በጉድለት ምክንያት መኪና መልሶ ሲጠራም እንደዚያው ነው፤ ያ ጥገና ነፃ ነው። መኪናሽ ተጠርታ እንደሆነ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ማየት ትችያለሽ።

ታዲያ ዲለር ምን ይጠቅማል?

ሀገር ቤት ቶዮታ ያለው ሰው ሞኤንኮ ልውሰዳት ወይስ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገዝቼ ለሰፈር መካኒክ ልስጥ ብሎ ያስባል። የእኛም ጥያቄ እሱው ነው፣ አገሩ ተቀየረ እንጂ።

የዲለር መካኒኮች በዚያው ምርት ላይ የሠለጠኑ ናቸው፤ የአምራቹ የመመርመሪያ መሣሪያና አዳዲስ ሶፍትዌር አላቸው። ሰርቪሱ በአምራቹ ዲጂታል መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መኪናውን ስትሸጪ ገዢው ያንን ይጠይቅሻል። በሌላ በኩል የሰዓት ሒሳባቸው ብዙ ጊዜ ከግል ጋራዥ በጣም ይበልጣል። የቡናውና የሚያብረቀርቀው መቀበያ ወጪ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል?

የእኛን ውሳኔ የለወጠው ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናችን አዲስ ሳለች የተሰጣት የ5 ዓመት ዋስትና ነበር፤ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ቶዮታ እንግሊዝ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ከዚያ በኋላ የሚቀጥል ሌላ ዋስትና አለው። በቶዮታ ዲለር ሰርቪስ ባስደረግሽ ቁጥር ለ12 ወር ወይም ለ10,000 ማይል ዋስትና ታገኛለች፤ መኪናዋ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል እስኪሞላት ድረስ። ከዚያ በፊት የት ሰርቪስ ሲደረግላት እንደነበር አይጠየቅም። ይህ ተጨማሪ ዋስትና ከዲለሩ ሰርቪስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሰፈር ጋራዥ ሊሰጥሽ አይችልም።

ሃይብሪድ ሲበላሽ ዋጋው ቀላል አይደለም። ባለቤቴ ስሌቱን ራሱ ሠራው። በሁለቱ ሰርቪሶች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለኛ እንደ አንድ ዓመት መድን ሆኖ ታየን። "እሺ፣ ሰርቪሱን ዲለር ያድርገው" አለ።

የሰፈር ጋራዥስ?

እዚህ ላይ ደግሞ የእሱ ሐሳብ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ከመጀመሪያው ሰርቪስ በኋላ ዲለሩ ጋ ያለው ልጅ ቪዲዮ ላከልኝ፤ መኪናዋ ተነሥታ ከሥር ተቀርጿል። ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ምልክት ያለበት ዝርዝርም አብሮ መጣ። የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ ብርቱካናማ ላይ ነው፤ ይቀየር ተባልኩ። ዋጋው 460 ፓውንድ ነው። "ዛሬ ከሆነ እንቀንስልሻለን" አለኝ። "ከባለቤቴ ጋር ልመካከርና እደውላለሁ" ብዬ ዘጋሁ። እህቴ፣ ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ ታድናለች። ብርቱካናማ ማለት "ተከታተዪው" ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ክፈዪ ማለት አይደለም።

ቅዳሜ ልጆቹን መድረሳ አድርሼ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ባሉት ቅስቶች ውስጥ ወዳለ ጋራዥ ሄድኩ። ባለቤቱ ፓኪስታናዊ አዛውንት ናቸው። ጎማውን አወለቁና ጠርተው አሳዩኝ። ሸራው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቶታል። ኤምኦቲ የሚጥለው ከ1.5 በታች ሲወርድ ነው። "ሃይብሪድ ፍጥነት ስትቀንስ ሞተሯም ስለሚያግዛት ሸራ ቶሎ አትጨርስም፤ ክረምቱ ሲወጣ ነይ" አሉኝ። ምንም አላስከፈሉኝም።

ይህ ማለት ዲለር ሁሉ ይዋሻል፣ የሰፈር መካኒክ ሁሉ ወልይ ነው ማለት አይደለም። የሰፈር ጋራዥ ጥቅሙ መኪናሽን የሚነካውን ሰው ራሱን ማናገር መቻልሽ ነው። ዲለር ጋ የምታናግሪው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ልጅ ነው። ደግሞም የፍሬን ሸራ፣ ጎማና የመስታወት መጥረጊያ በዋስትና አይሸፈኑም፤ ስለዚህ እነሱን ሌላ ቦታ ማሠራቱ ዋስትናውን አይነካም።

እናም እንዲህ ተስማማን። ዓመታዊ ሰርቪስ እስከ 10 ዓመቷ ዲለር ጋ፤ ጎማ፣ ፍሬንና ባትሪ አዛውንቱ ጋ። ዋስትናው ሲያልቅ ሁሉንም ወደ አዛውንቱ እናዞራለን፣ ኢንሻአላህ። ያንቺ መኪና 12 ዓመት የሞላት ተራ ቤንዚን መኪና ከሆነች መልሱ የተለየ ነው። ለእሷ በአብዛኛው ጥሩ የግል ጋራዥ ይበቃል። ሃይብሪድ ወይም የኤሌክትሪክ ከሆነች ግን በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የሠለጠነ ሰው እንዳላቸው ሳትጠይቂ አትስጪ።

"ወንድማችን ነው" የሚባለው ነገር

አሁን ትንሽ የሚከብደውን ላንሳ። አንዲት ጓደኛዬ የ7 ዓመት ዋስትና ያላት መኪና ነበራት። ለሦስት ዓመት ሰርቪሱን የሠራላት የምናውቀው ወንድም ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። በጥሬ ገንዘብ ትከፍለዋለች፤ ደረሰኝ የለም፣ ስለዚህ ትንሽ ይቀንስላታል። በአምስተኛው ዓመት ካምቢዮው ተበላሸ። የዋስትና ክፍሉ የሰርቪስ ማስረጃ ጠየቃት። የምታሳየው ወረቀት አልነበረም። ወንድማችን ዘይቱን በጊዜው ቀይሮ ነበር፤ ግን በምን ታስረዳ? በሦስት ዓመት ያተረፈችው ቅናሽ የካምቢዮውን ሲሶ እንኳን አልሸፈነም። ከዚያ በላይ የጎዳት ደግሞ በሁለቱ ቤተሰብ መካከል የገባው ቅሬታ ነው።

ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ የብድር ውልን ስለ መጻፍ የሚናገረው የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ነው። ስለ መኪና አይደለም፤ ግን በሰዎች መካከል ገንዘብ ሲገባ መጻፍ እምነት ማጣት እንዳልሆነ ያስተምረናል። ወንድማችንን ደረሰኝ ስትጠይቂው እየተጠራጠርሽው አይደለም። አንቺንም እሱንም ከቅሬታ እየጠበቅሽ ነው።

ስትደውዪ እነዚህን ጠይቂ

ሒጃብ ለብሰሽ፣ እንግሊዝኛሽ እየተንተባተበ ጋራዥ መግባት ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ጥያቄውን ጽፈሽ ከሄድሽ ግን ነገሩ ይቀላል።

1. ዋጋው 20 በመቶ ቫቱን ይጨምራል ወይ? በጽሑፍ ላኩልኝ።
2. የምታስገቡት ዘይት አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ነው? ደረሰኙ ላይ ይጻፍልኝ።
3. ዲጂታል የሰርቪስ መዝገቡን መሙላት ትችላላችሁ? ብዙ የግል ጋራዦች አሁን ይችላሉ።
4. ሌላ ነገር ካገኛችሁ ሳትደውሉልኝ አትሥሩ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ።
5. ሞተር ኦምቡድስማን ውስጥ ወይም ትረስት ማይ ጋራዥ በተባለው ማኅበር ውስጥ ተመዝግባችኋል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሞተር ኦምቡድስማን በአባሎቹ ላይ የቀረበ ቅሬታን ከደንበኛው ምንም ሳይጠይቅ ያያል። አባል ባይሆኑም እንኳን በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ሥራው በተገቢ ጥንቃቄና ችሎታ እንዲሠራ ያስገድዳል። ካልሆነ ደግመው እንዲሠሩልሽ ወይም ከዋጋው እንዲመልሱልሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ዲለርም ይሁን የሰፈር ጋራዥ።

ስለ ኤምኦቲም አንድ ነገር ልበል። መኪና ሦስት ዓመት ሲሞላት ይጀምርና በየዓመቱ ነው፤ ለተራ መኪና ከ54 ፓውንድ ከ85 ፔንስ በላይ ሊያስከፍሉሽ አይችሉም። ኤምኦቲ ማለፍ ግን ሰርቪስ ማለት አይደለም፤ የሞተሩን፣ የፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ደህንነት አይመለከትም። ጥገና ለመሸጥ ሲሉ ይጥሉኛል ብለሽ የምትሰጊ ከሆነ አንዳንድ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለሕዝብ ክፍት የሆነ የራሳቸው ጣቢያ አላቸው። አብዛኞቹ ጥገና ስለማይሠሩ መኪናሽ ብትወድቅ የሚያተርፉት የለም። የመኪናሽን ያለፉ ዓመታት የኤምኦቲ ውጤት ደግሞ በታርጋ ቁጥሯ በመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ታያለሽ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከፍተሽ አንብቢው፤ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል። ከዚያ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ። ብቻሽን የምታሳድጊ እህቴ ከሆንሽ ደግሞ ወረቀቱን ይዘሽ ግቢ፤ ለመጠየቅ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

አላህ መንገዳችሁን ሰላም ያድርግላችሁ፣ ልጆቻችሁን ይጠብቅላችሁ፣ ሪዝቃችሁን በበረካ ይሙላው። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።