ሰፌድ ተጫምተን የዋልንበት ጫካ



በልጅነታችን መድረሳ ገብተን የሶላት መክፈቻ ዱዓ ስንሐፍዝ ሦስት ነገሮች ተከታትለው ይመጡ ነበር፦ ውሃ፣ ሰልጅና በረድ። ውሃውን እናውቀዋለን። በረድ በሐምሌ የቤታችንን ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ መሆኑ ተነግሮናል። ሰልጁን ግን ኡስታዛችንም አላዩትም፤ «እሱም በረዶ ነው» ብለው አለፉት። ዛሬ እኛም በሲያትል ከተማ እሁድ እሁድ ልጆች ስናስተምር እዚያው ላይ እንቸገራለን። አመዳይ እንዳንለው፣ አመዳይ ሌሊት ሣር ላይ አድሮ ፀሐይ ሲወጣ የሚጠፋው ነው።

ያን ሰልጅ በእግራችን ልንረግጠው የወጣነው ባለፈው ታኅሣሥ፣ በአንድ ቅዳሜ ነው። ታክሲ የሚነዳ የወሎ ሰው፣ ሆስፒታል የሚሠራ ነርስና ኮሌጅ የገባ አንድ ወጣት፣ ይህን ከምንጽፈው መምህር ጋር አራት ነበርን። ከአራታችን መንገዱን የሚያውቀው አራት ክረምት የተመላለሰበት ነርሱ ብቻ ነው። (ክረምት ስንል የዚህን አገር ነው፤ አገር ቤት ያኔ በጋ ነው።)

ከሲያትል ወደ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ የካስኬድ ተራሮችን የሚያሻግረው የስኖኳልሚ መተላለፊያ ይገኛል። ከፍታው 920 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣ በረዶ ሳይለብሳት ይህ ስፍራ እንዴት በበረዶ ይዋጣል? ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 47ኛው ዲግሪ ላይ ነው፤ ከፓስፊክ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስም ተራራው ሲገታው ወደ ላይ ይወጣና ይቀዘቅዛል፤ ሸክሙንም እዚያው ያራግፋል።

የበረዶ ጫማውን የተከራየነው ከከተማ ነው። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጥንት እንጨት አጉብጠው በጠፍር እየጠለፉ ይሠሩት ነበር፤ የዛሬው አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ነው። ሥራው ግን ያው ነው፤ የሰውን ክብደት በሰፊው ዘርግቶ ከመስጠም ያድናል። ጣት በኩል ይታሰራል፣ ተረከዝ ነፃ ነው፣ ከሥሩ የብረት ጥርስ አለው። ወሎዬው ወዳጃችን ገና እንዳሰረው «ሁለት ሰፌድ አጫማችሁኝ!» አለና ሦስት እርምጃ ሳይሄድ የራሱን ሰፌድ ረግጦ ወደቀ። እኛም ተራችንን ወደቅን። እግር ከፈት ተደርጎ ነው የሚኬደው። ነርሱ አስቀድሞ ጥጥ እንዳንለብስ፣ ጥጥ ውሃ ይዞ ሰውነት እንደሚያቀዘቅዝ ነግሮን ነበር፤ ወሎዬው ግን ጋቢውን ይዞ መጥቶ ስንስቅበት መኪና ውስጥ ተወው።

ጫካው ጸጥ ያለ ነው። ጥዶቹ ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ ተሸክመዋል፤ አንዳንዴ አንዱ ሸክሙን ያራግፍና ዱቄቱ እንደ ጭስ ይበተናል። የጎልድ ክሪክን ኩሬ ዞርን። ለአውራ ጎዳናው ሥራ ጠጠር ሲወጣ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው ቢሉን በዚያ ነጭ ልብሱ ማን ያምናል? ዙህር ሲገባ ጫማውን ብናወልቅ እስከ ጉልበት ሰጠምን፤ ስለዚህ እንደገና አጥልቀን አንድ ሶፍ የሚበቃ ቦታ እንደ አውድማ ረጋግጠን አጠነከርን፤ ፕላስቲክ ዘርግተንም ሰገድን። ቂብላው ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ ፊታችን የተዘረጋው ሸለቆው ነበር።

ክርክሩ የተነሣው ከሶላት በኋላ ነው። ወጣቱ ወደ ሸለቆው ውስጥ እንግባ አለ። እውነቱን ለመናገር እኛም ከእሱ ጋር ነበርን፤ ለእሁድ ተማሪዎቻችን ከሸለቆው ፎቶግራፍ እናመጣለን ብለን ነበርና። «ሰው አልፎበታል፣ ዱካው ይኸው!» አልን። ነርሱ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ኡስታዝ፣ ያንን ገላጣ ይዩት» አለን። ከተራራው አናት እስከ ታች አንድ ዛፍ የሌለበት መስመር ነው፤ ናዳ የሚወርድበት መንገድ መሆኑ ነው። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሚያዘነብል ዳገት ነው። ያን ቀን ጠዋት የወጣው የናዳ ትንበያም ከአምስቱ የአደጋ ደረጃዎች ሦስተኛውን ሰጥቶ ነበር፤ አዲስ በረዶ በአሮጌው ላይ ተደርቦ ገና አልያዘም። በዚሁ የተራራ ሰንሰለት፣ ወደ ሰሜን በስቲቨንስ መተላለፊያ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1910 ዌሊንግተን በሚባል ጣቢያ በበረዶ ታግደው የቆሙ ባቡሮችን ናዳ ጠርጎ 96 ሰዎች አልቀዋል። በአሜሪካ ታሪክ ያን ያህል ሰው የገደለ የበረዶ ናዳ የለም። ይህንን ሁሉ ነግሮን፣ መልሳችንን ሳይጠብቅ ፊቱን አዙሮ መመለስ ጀመረ። እያጉረመረምን ተከተልነው።

ወጣቱ አኩርፎ ስለነበር መንገዱን ትቶ በአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ሊያቋርጥ ሞከረ። ወዲያው እስከ ደረቱ ተዋጠ። የጥድ ቅርንጫፍ በረዶውን ስለሚከልል ግንዱ ዙሪያ ልል ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ከላይ ግን ሲያዩት ሜዳ ይመስላል። በጭንቅላቱ የገባበት ሰው ታፍኖ ሊሞት ይችላል። የእኛው በእግሩ መግባቱ፣ አልሐምዱሊላህ! ሆኖም ያ ሰፌድ ከሥር ተቀርቅሮ አላወጣ አለው። ወሎዬው በሆዱ ተኝቶ፣ እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ ማሰሪያውን እስኪፈታ፣ እኛም በዱላችን ጎትተን እስክናወጣው ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሜዳ ላይ፣ ሦስት ሆነን፣ አንድ ሰው ለማውጣት! ነርሱ ያንን ገላጣ አላነሣብንም፤ እኛም ቀና ብለን ልናየው አፈርን።

ፀሐይ በዚያ ሰሞን በአገር ቤት አቆጣጠር በ10 ሰዓት ከ20 ገደማ ትጠልቃለች። መኪናው ጋ ስንደርስ ዐስር ገብቶ ነበር፤ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጃኬቱ ርሷል። ወሎዬው የኋላውን በር ከፍቶ ጋቢውን አወጣና፣ ቅድም የሳቅንበትን አንድ በአንድ እያየ፣ ልጁን እስከ አፍንጫው ጠቀለለው።