ቁጥሯ ያጠረባት መኪናችን

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ሚኒባሷ ምን ሆነች?» እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

እንደምታውቁት ካምፓላ ያለን 12 ሰዎች የእቁብ ገንዘባችንን አዋጥተን ከጃፓን የመጣች ያገለገለች ሚኒባስ ገዛን። ለእንጀራችንም፣ ከናኪቫሌ መጠለያ ለሕክምና የሚመጡ ወገኖቻችንን ለማመላለስም ብለን ነው። ባለፈው ወር አንዲት እናታችንን ለቀጠሮ ይዘን ስንመጣ፣ ልያንቶንዴን አልፈን ማሳካ ሳንደርስ ካምቢዮው እምቢ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። እማማን ባገኘነው ታክሲ አሳፍረን ላክናቸው። ሲደርሱ ቀጠሮው አልፏል። ሌላ የተሰጣቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

እኔ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ለአምራቹ ወኪል ደወልኩ። ነፃ ጥገና አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት የካምቢዮው ዓይነት ምን እንደሆነና የትኛው ዘይት እንደሚስማማው ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ዘይት ጨርሶ ይገድለዋልና። «እኛ የሸጥናት አይደለችም፣ አናውቃትም» አሉኝ። ለዋናው መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ልጽፍ ስል ቅጹ የሻንሲ ቁጥር ጠየቀኝ። 17 ፊደልና አኃዝ ካልሞላ አያልፍም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ቁጥር ግን ከዚያ ያጥራል። እንደምንም በኢሜይል ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ «መጀመሪያ በተሸጠችበት አገር ያለውን ወኪል ያነጋግሩ» የሚል ነው።

ይህን መልስ የማያውቅ ስደተኛ አለ? የመታወቂያችን ቁጥር ቅጹ ውስጥ አልገባ ሲል የምንባለው ይኸው አይደል? ለእማማ ብነግራቸው «ልጄ፣ መኪናዋም እንደኛ ስደተኛ ናት በለኛ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ እንጂ፣ ሕክምናው ያለፈባቸው እሳቸው ናቸው።

ችግሩን የፈታልን ኪሴካ ገበያ ያለ አንድ መካኒክ ነው። ኮፈኖውን ከፍቶ አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አሳየኝ። የካምቢዮው መለያ እዚያው ተጽፏል! በዚያ መለያ ያገለገለ ካምቢዮ አግኝተን አስገጠምን። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። «ኮፈኖውን ክፈትና ሰሌዳውን አንብብ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?

መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ፣ አደራ፦

• ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩንና የኮፈኖውን ሰሌዳ ፎቶ አንሱ።

• ፎቶውን ይዛችሁ ገበያ ሂዱ፤ ካምቢዮዋና መለዋወጫዋ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ።

• ወኪሉ ያገለግላችሁ እንደሆነ ቀድማችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። «አናውቃትም» የሚባለውን ገንዘባችሁ ኪሳችሁ እያለ ስሙት።

• በጋራ ከገዛችሁ፣ በየወሩ ለጥገና የምትሆን አስቀምጡ። እኛ ያልያዝነው እሱን ነው፤ ጥፋቱ የራሳችንም ነው።

የእማማ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። ሰኞ ማለዳ ወደ ናኪቫሌ እንነሳለን። ወደ ካምፓላ ስንመለስ ሁለት ቦታ ክፍት አለን፤ ለሕክምና የሚመጣ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ጸሎታችሁ አይለየን።