ስለ ቀይ ሥጋ

በሆሳዕና ከተማ በዘመዴ ቤት በእንግድነት ሰንብቼ ሳለሁ፣ በጓሮው እንሰት መካከል ስመላለስ መሬት ላይ የወደቀ ስለት ቁርጭምጭሚቴን ቈረጠኝ። ቁስሉ ትንሽ ነበረ፤ ፍርሃቴ ግን ትንሽ አልነበረም፤ የስኳር ሕመም ካደረብኝ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛልና፣ በዚሁም ሕመም አንድ እግሩን ያጣ የቅኔ ባልንጀራ አለኝና።

በስምንተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ በቁስሉ ውስጥ ፍሬ ፍሬ ያለ፣ እንደ በርበሬ የቀላ ሥጋ አየሁ፤ ጥጥ ቢነካው ደማ። የባለቤቱ እናት እማማ፣ «ይህስ ክፉ ሥጋ ነው፤ ይፋቅ» አሉ። እኔም እንዲሁ መሰለኝ። ቁስሉን የምታጥበው ነርስ ግን፣ «የኔታ፣ እንዳይነኩት! ስንጠብቅ የሰነበትነው እርሱን ነው» አለችኝ።

ነገሩን ከእርስዋ ሰማሁ፤ በኋላም ከመጻሕፍት መረመርሁት። ስለት ሥጋን ሲቈርጥ ረቂቆቹን የደም ሥሮች አብሮ ይቈርጣልና፣ በቁስሉ መካከል ያሉት ሕዋሳት ኦክሲጅን ያጥራቸዋል። ባጠራቸውም ጊዜ የደም ሥርን የሚጠራ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። በቁስሉ ዳር ያሉት ጤነኛ የደም ሥሮች በዚህ ጥሪ ከግድግዳቸው ቡቃያ ያወጣሉ፤ በቡቃያው ጫፍ ያለው ሕዋስ ጥሪው ወደ በረታበት ይሳባል፣ የኋለኞቹም እየተባዙ ይከተሉታል። ሁለት ቡቃያዎች ሲገናኙ ይጋጠሙና ደም የሚያልፍበት ቧንቧ ይሆናሉ። ያ የፈራነው ፍሬ ፍሬ ሥጋ በእነዚህ በአዳዲሶቹ የደም ሥሮች የተመላ ነበረ፤ በቀላሉ የሚደማውም ግድግዳቸው ገና ስስ ስለ ሆነ ነው። ሕዋሳት የኦክሲጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቁ የመረመሩት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ በ2012 ዓመተ ምሕረት በሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ግን ጥሪው ይደክማል፤ የባልንጀራዬ እግር ነገር ያን ጊዜ ገባኝ።

እማማ ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንሰቱስ እንዲሁ አይደለም?» አሉ። በሀድያና በከምባታ እንሰት ሲባዛ ከመሬት በታች ያለውን ግንዱን፣ አሚቾውን፣ መካከሉን አውጥተው ይቀብሩታል፤ ከቈሰለውም ብዙ ችግኝ ይወጣል። እኔ በስንት ዓመት የቅኔ ትምህርት እንዲህ ያለ ምሳሌ ቶሎ አይመጣልኝም።

ቁስሉ ከተገጠመ በኋላ ቅላቱ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ሥራቸውን የፈጸሙት ትርፍ የደም ሥሮች ተመልሰው ይከስማሉና። አሁን የቀረው የነጣ ጠባሳ ነው። እማማም ወደዚህ የሚመጣ ሰው ባገኙ ቍጥር፣ «ስኳርዎን ተለኩ ወይ?» እያሉ ያስጠይቁኛል።