የተሰወረው ሕመም

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን በአገራችን ብዙ ዘመን ተደብቆ የኖረ አንድ የሴቶች ሕመም አለ፤ ስለ እርሱ በተነገረ ጊዜ ሕመምተኛዪቱን ስለ መደበቋ ከመውቀስ አስቀድሞ፥ እንድትደበቅ ያደረጋት ማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ይህም ሐኪሞች ፊስቱላ ብለው የሚጠሩት ነው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ከሐኪም ቤት ርቃ የምትኖር ወጣት ምጥ ይይዛታል፤ ጎረቤትም ተሰብስቦ «ማርያም፥ ማርያም» ይላል። ነገር ግን የዳሌዋ አጥንት ጠባብ፥ ወይም የሕፃኑ አመጣጥ የተጣመመ የሆነ እንደ ሆነ፥ ምጡ እስከ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሁሉ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንቷ ጋራ አጣብቆ ይጫነዋል፤ የተጫነውም ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። ሕፃኑም ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ የሞተው ሥጋ ሲለቅ፥ በሽንት ፊኛና በመውለጃው መንገድ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ሽንቷ ያለ ፈቃድዋ ሌሊትና ቀን ይፈስሳል።

ሌላዪቱ አራስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፤ ገንፎ ይገነፋላታል፤ እልልታ ይባልላታል። ለዚህችኛዪቱ ግን እንዲህ የሚላት የለም። ልጅዋን ቀብራ ሳትጽናና ሽታው ሰውን ያርቅባታል፤ ባልዋም ብዙ ጊዜ ወደ አባቷ ቤት ይሰድዳታል፤ ገበያ መውጣቱንም፥ ቤተ ክርስቲያን መሳሙንም ትተዋለች። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው የኀጢአት ዋጋ ነው ይላል። እርሷም የሰማችውን አምና በጓዳ ትሰወራለች። እንግዲህ ቀዳዳውን ያመጣው የምጡ መርዘም ነው፤ በጓዳ ያስቀመጣት ግን የሰው አንደበት ነው።

ይህ ሕመም መድኃኒት የሌለው አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት የማኅፀን ሐኪሞች፥ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን፥ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሊያገለግሉ ከአውስትራልያ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ውላቸው የ3 ዓመት ነበር። ነገር ግን እነዚህን ሴቶች ባዩ ጊዜ መመለሱን ተዉት፤ በዚያው አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ለዚህ ሕመም የተለየ ሆስፒታል በከተማዪቱ አቋቋሙ። ባልየው በ1993 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዶክተር ካትሪንም ሥራውን ይዘው ኖረው በ2020 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። ቀዳዳውን በቀዶ ጥገና መዝጋት ከ10 ሴቶች በ9ኙ ያህል ይሳካል። ለአንዳንዶቹ ግን ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንታቸው አልቋጠር ስለሚል፥ ሌላ ሕክምናና ረጅም ትዕግሥት ያስፈልጋቸዋል።

ከታከሙትም አንዲቱ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ገና በልጅነታቸው አራት ቀን አምጠው፥ ልጃቸው ሞቶ፥ ይህ ጉዳት ደርሶባቸው ወደ ሐምሊኖች መጡ። ፊደል አልቈጠሩም ነበር። ከታከሙ በኋላ በዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ቆይተውም ቀዶ ጥገናውን መርዳት፥ በመጨረሻም በገዛ እጃቸው መሥራት ተማሩ፤ የተማሩ ሐኪሞችንም እስከ ማሠልጠን ደረሱ። በ1989 ዓ.ም. የእንግሊዝ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሁለቱ ሐምሊኖች ጋራ የወርቅ ሜዳልያ ሸለማቸው። ጎረቤት ጸያፍ ብሎ የሚጥላት ሴት ምን ልትሆን እንደምትችል ከዚህ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ከመስፋቱ የሚበልጠው መከላከሉ ነው። ምጡ ሲከብድ አውቃ በጊዜው ወደ ሐኪም የምትልክ አዋላጅ ከተገኘች፥ ሕፃኑም እናቲቱም ይድናሉ። ስለዚህ በ2007 ዓ.ም. በሐምሊን ስም የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ።

ነገር ግን በጓዳ ተሰውራ ላለችው መንገዱን ማን ይነግራታል? ለጎረቤት ያፈረችውን ለንስሐ አባቷ የምትናገር ሴት ጥቂት አይደለችም። እንግዲህ ካህኑ የሕመሙን ስም፥ የሐኪሙንም ደጅ ያወቀ እንደ ሆነ፥ «ይህ የኀጢአትሽ ዋጋ አይደለም፤ መድኃኒት አለው፤ ሂጂ» ሊላት ይችላል። ይህን አንድ ቃል ሳትሰማ ብዙ ዓመት በጨለማ የምትቀመጥ አለችና፥ ያወቀ ሰው ዝም ማለቱ ከበደል የሚቈጠር አይደለምን?

በዚያ ሆስፒታል ድና ወደ አገሯ የምትመለስ ሴት አዲስ ቀሚስ ትለብሳለች። መንደሯም ሲደርስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ይገኝ ዘንድ ይገባል፤ ቃሉ ቢዘገይም ዛሬም የእርሷ ነውና።