በጂም የተዘነጋው የሚዛን ልምምድ

የሰውነት ሚዛን የሚጠበቀው ከሦስት ምንጮች በሚመጣ መረጃ ነው፤ ከዓይን፣ ከውስጠኛው የጆሮ ክፍል፣ እንዲሁም በጡንቻና በመገጣጠሚያ ውስጥ ካሉ የስሜት ነርቮች። አንጎል ሦስቱን አገናዝቦ የቁርጭምጭሚትን፣ የዳሌንና የወገብን ጡንቻዎች በቅጽበት ያዛል። በአንድ እግሩ የቆመ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ወዲያው የሚወዛወዘው አንዱ ምንጭ ስለሚቋረጥበት ነው።

ጂም ውስጥ ይህ ችሎታ ብዙም አይታሰብበትም። ደረትና ክንድ በመስታወት ይታያሉ፤ ሚዛን አይታይም። ተቀምጠው የሚሠሩባቸው ማሽኖችም ሰውነትን ደግፈው ስለሚይዙ ጡንቻን ቢያጠነክሩም ሚዛንን እምብዛም አይፈትኑም። በአንድ እግር ስኳት መሥራት ወይም በአንድ እጅ ብቻ ክብደት ይዞ መራመድ ግን ጉልበትንም ሚዛንንም አብሮ ያሠራል። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ጥቅሙ ይጎላል፤ ጉዳቱ የመገጣጠሚያውን ስሜት ስለሚያዳክም ወለምታ ይደጋገማል፣ ልምምዱም ይህን ስጋት ይቀንሳል።

ዕድሜ ሲገፋ ጉዳዩ ከስፖርትም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ከመውደቅ እንዲጠበቁ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል።

ልዩ ዕቃ አያስፈልግም፤ ኳስ ላይ ቆሞ ከባድ ብረት ማንሳትማ ከጥቅሙ ትዕይንቱ ይበልጣል። ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ከመቆም ተጀምሮ ጭንቅላትን ማዞር፣ በኋላም ዓይን መጨፈን ይጨመራል። ድካም ሚዛንን ስለሚያናጋ ልምምዱ ከማሟሟቂያ በኋላ፣ ከከባዱ ብረት በፊት ቢሠራ ይመረጣል።