የጎጃም ዘፈን፣ ተቀባዩና አዲስ መጤው፦ በዳስና በውጭ አገር አዳራሽ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፣ ዘፋኝና አድማጭ ተለያይተው አይቀመጡም። ዘፈን የሚቆመው በአውራጅና በተቀባይ ነው፤ አንዱ ግጥም ያወርዳል፣ የቀረው ይቀበላል። ውጭ አገር ያው ዜማ ብዙውን ሰው የሚያገኘው በሸክላ፣ በካሴት፣ በሲዲ ወይም በስልክ ነው፤ አድማጩ ብቻውን ይጀምርና እንደ እሱ የሚወዱትን በኋላ ያገኛል። በሁለቱም ቦታ ዘፈኑ ወዳጅ አፍርቷል። የሚለያዩት አዲስ ሰው በሚገባበት በር ነው፦ በገጠሩ በሩ ጭብጨባና አዝማች ሲሆን፣ በውጭ አገር ምትና ውዝዋዜ ሆኗል።

በዳስ ሥር

እህል ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በተለይ ከጥር ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ፣ ሠርግ ይበዛል። ዳስ ተጥሎ ከበሮ ሲመታ አውራጁ አንድ ስንኝ ይጥላል፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው አዝማቹን ይመልስለታል። ስንኙ በየዙሩ ይለዋወጣል፤ ሙሽራውን፣ ሙሽሪትን፣ ሚዜውንና አማቱን ያነሳል፣ አንዳንዴም የድግሱን ጠላ ያመሰግናል ወይም ያማል። አዝማቹ ግን ያው ነው። ዘፈኑን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ሁለት ሦስት ዙር አዳምጦ መቀበል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረው በደረጃ ይመጣል። መጀመሪያ ማጨብጨብ ነው፤ ቀጥሎ አዝማቹን መመለስ፤ ከዚያ ክቡ መሐል ገብቶ ከሌላ ሰው ጋር ፊት ለፊት እስክስታ መውረድ። የደከመው ሲወጣ ሌላው ይተካል፤ ያፈረውን ጓደኛው እጁን ይዞ ይጎትተዋል። ግጥም ማውረድ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ለዚያ ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ ስንኝ ቋጥሮ ቤት መምታትን፣ የታዳሚውን ዝምድና ማወቅን፣ ማን እንደሚነሳና ማን እንደሚታለፍ መለየትን ይጠይቃል። ዕድሜ ልኩን ሲቀበል የኖረ ሰው ግን ከዘፈኑ ባለቤቶች አንዱ ነው፤ እሱ ዝም ካለ አውራጁም ይቆማል።

ልጆች ይህን ሥርዓት የሚለምዱት በቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ለሚከበረው በዓል በየደጃፉ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ አንዱ ያወርዳል፣ የቀሩት በዱላቸው መሬቱን እየመቱ «ሆ!» ይላሉ። የስድስት ዓመት ልጅ ግጥም ባያውቅም «ሆ» ማለት አያቅተውም፤ ሙልሙሉም ለእሱ ሳይቀር ይደርሰዋል። ዓመት እያለፈ ሲሄድ ከተቀባዮቹ መካከል አውራጅ ይወጣል። እርሻውም ሌላ መለማመጃ ነው። በደቦ ሲታረም፣ ሲታጨድና ሲወቃ ዘፈኑ በቅብብል ይሄዳል፤ ወኔ የመጣበት ደግሞ ቀረርቶና ሽለላ ያሰማል።

አዝማሪ ባለበት ቤትም ታዳሚው ዝም ብሎ አይቀመጥም። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሳለ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ መልሶ ያሰማል። ስንኙ ሰምና ወርቅ ያለው ከሆነ ወርቁ ቀድሞ የገባው ሰው ይስቃል፣ ሌላውም ተከትሎ ይደርስበታል። ያስደሰተው ሰው ተነስቶ የአዝማሪው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። በዚህ ሥርዓት የአዝማሪ ወዳጅ ሸላሚም ግጥም አቀባይም ነው።

ዜማው ከአገር የወጣበት መንገድ

በዓለም ገበያ ቀድሞ የታወቀው የገጠሩ ዘፈን ራሱ ሳይሆን የከተማ ባንዶች በመሣሪያ የተጫወቱት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቁሞ የአዲስ አበባን ዘፋኞች በሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከዘመኑ ሙዚቀኞች ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውንና ፉከራውን ወደ ሳክስፎን አዛወረው፤ ፎካሪው በቃል የሚያወጣውን ወኔ በትንፋሽ ብቻ አሰማ። ቋንቋ የማያውቅ አድማጭ ሊከተለው የሚችል ሽለላ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በ1986 ብራስልስ የሚገኘው «ክራምድ ዲስክስ» የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ለአውሮፓ አድማጭ አቀረበ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሲዲ እትም የቆዩትን ሸክላዎች መልሶ ለገበያ አበቃ። ከቅጾቹ አራተኛው የሙላቱ አስታጥቄ፣ አሥራ አራተኛው የጌታቸው መኩሪያ ነው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ውስጥ ሲያስገባ፣ ኢትዮጵያን በካርታ ላይ እንኳ ፈልጎ የማያውቅ ተመልካች ዜማውን ሰማ።

ስደተኛው ራሱ የወሰደው ሌላ መንገድ አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሰደደው ኢትዮጵያዊ ካሴቱን በሻንጣው ይዞ ወጣ፤ ዘፋኞችም ተከተሉት። አስቴር አወቀ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደች። በዚያው ዓመት ዋሊያስ ባንድ ለሥራ አሜሪካ ሲገባ ከአባላቱ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀረ፤ በኋላም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። በ1985 በአኮርዲዮን የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም፣ ካሴቱ ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ፈረንጆች መድረክ ላይ ሊያዩት ተሰለፉ።

የጎጃምን ምት የያዙት ዘፈኖች በስደተኛው ዘንድ የተስፋፉት እንደ ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ባሉ ድምፃውያን ነው። በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ ከተማ እየለወጠ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድርም ዘፋኝና ወዳጅ የሚገናኙበት ዋና ቦታ ሆኗል። ቀን ኳስ የተመለከተው ሰው ማታ ኮንሰርት ይገባል፤ የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎው፣ የኦሮምኛው፣ የጉራግኛውና የትግርኛው ዘፈን ተራ በተራ ሲመጣ ሁሉም የሌላውን ውዝዋዜ ይሞክራል። በገጠሩ ዳስ ሁሉም የየአካባቢውን ይጨፍራል፤ በስደት አዳራሽ ግን ጎጃሜው ጉራግኛ፣ ጉራጌው እስክስታ ይማራል።

አዲስ መጤው ምን ይጠብቀዋል?

ውጭ አገር ዘፈኑን አዲስ የሚቀላቀሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው። አማርኛቸው ለስንኝ ባይበቃም አዝማች ለመመለስ ይበቃል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ብዙ ጊዜ ለበዓሉ በቀረበው ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ቡሄ ሲጨፈር የግጥሙ ትርጉም ያልገባው ልጅ ከሌሎቹ ጋር «ሆ!» ይላል። እዚህ ላይ የገጠሩ ሥርዓት ሳይለወጥ ይሠራል፤ ልዩነቱ ከተቀባዮቹ መካከል የሚወጣው አውራጅ ጥቂት መሆኑና ማውረዱ ብዙ ጊዜ አገር ቤት ባደገ አዋቂ ላይ መውደቁ ነው።

ሁለተኞቹ የአገሩ ተወላጅ ያልሆኑ ወዳጆች ናቸው። እነሱን መጀመሪያ የሚያስቸግራቸው ሙዚቀኞች «ችክችካ» የሚሉት ምት ነው። ስድስቱ ምት ሦስት ሦስት ተብሎ በሁለት፣ ወይም ሁለት ሁለት ተብሎ በሦስት ሊቆጠር ይችላል፤ ከበሮው አንዱን ሲይዝ ጭብጨባው ሌላውን ሊይዝ ይችላል። አዲስ ሰው በአራት ሊያጨበጭብ ይሞክርና ከሁሉም ይለያል። በቁጥር ከማስረዳት ይልቅ የሚቀናው የከበሮውን ከባድ ምት አስይዞ ትከሻን ከእሱ ጋር ማስኬድ ነው፤ ትከሻው ሲገባለት እጁ ይከተላል።

ከሁለቱም ወገን አንዳንዶቹ ራሳቸው ባንድ አቋቁመዋል። በ2006 ቦስተን ላይ ሳክስፎኒስቱ ዳኒ መኮንን የመሠረተው ባንድ ስሙን ከገበሬው የጋራ ሥራ ወስዶ «ደቦ ባንድ» ተባለ፤ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና አሜሪካውያን አብረው ተጫውተውበታል። በፓሪስ «አካሌ ውቤ»፣ በጄኔቭ «ኢምፔሪያል ታይገር ኦርኬስትራ» በዚሁ መንገድ ተነሱ። በ2006 ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ የፐንክ ቡድን «ዘ ኤክስ» ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጣ። ዜማውን ከሸክላ በጆሮ የለቀሙ ሙዚቀኞች አዲስ አበባ ሲመጡ ካዛንቺስ በነበረው የመላኩ በላይ «ፈንዲቃ» አዝማሪ ቤት ከማሲንቆ ተጫዋችና ከተወዛዋዥ ጎን ተቀምጠው ተምረዋል። ሸክላው የጀመረውን ትምህርት የሚያሟላው እንዲህ ያለው ቤት ነው።

የተጨመረውና የጎደለው

ዘፈኑ ወደ ውጭ ሲወጣ ያተረፈው ስፋት ነው። አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ በሳክስፎንም በኦርጋንም ሲጫወቷቸው መልካቸው አይጠፋም፤ ስለዚህ ቋንቋ የማይጠይቅ ወዳጅ አገኙ። የጎደለው ስንኙ ነው። በተቀዳ ዘፈን ውስጥ ግጥሙ አንዴ ተቆርጦ ይቀራል፤ ስለ ዛሬው ሙሽራ የሚወርድ አዲስ ስንኝ የለም፣ «ተቀበል!» የሚል ታዳሚም የለም።

ይህ ጉድለት የውጭ አገሩ ብቻ አይደለም። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ከተማ ኪቦርድና ትልልቅ ድምፅ ማጉያ በሚቆምበት ሠርግ ላይ የተቀባዩ ድምፅ ይዋጣል፤ ሰው ይጨፍራል እንጂ አይቀበልም። በአንጻሩ ዲጄ በሚያጫውትበት የውጭ አገር ሠርግ ሙዚቃው ሲቋረጥ እናቶች ከበሮ ይዘው የሠርግ ዘፈን ሲያነሱ አዳራሹ ወደ አውራጅና ተቀባይ ይመለሳል፤ እንግዳውም በጭብጨባ ይገባል።

ስለዚህ አገር ቤትም ሆነ በስደት የዘፈን ማኅበር የሚያቋቁሙ ሰዎች ሥራ በሁለት ይከፈላል። አዲስ መጤን ማስገባት ቀላሉ ነው፤ አጭር አዝማችና የከበሮ ምት ይበቃዋል። አውራጅ ማፍራት ግን ስንኝ መቋጠርን ለይቶ ማስተማር ይጠይቃል፦ ልጆች ስለሚያውቁት ሰው፣ በሚችሉት አማርኛ፣ ሁለት መስመር ቤት መትተው እንዲያወርዱ ተራ መስጠት። ውዝዋዜ ብቻ የሚያስተምር ቡድን ጥሩ ተወዛዋዥ ያፈራል፤ ግጥም የማውረድ ተራም የሚሰጥ ቡድን ደግሞ ዘፈኑን የሚቀጥል ሰው ያገኛል።