ማሳ

ጥቅምት ነበር። ገራዶ፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ ያደረችው የአባቴ ፒክአፕ ጠዋት ላይ አልነሳም አለች። ቁልፉን ጠመዘዝኩ፤ «ጠቅ» አለችና ዝም። ደገምኩ፤ «ጠቅ»። ሦስተኛውን ልሞክር ስል አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ተዋት፤ አታዋክባት» አሉኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣሁት አባቴን አሳምኜ፣ መኪናዋን አሽጬ፣ የደሴውን ቤት ዘግተን አብረን ለመመለስ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ብዙ ሰው ሸሽተው እኔ ዘንድ መጡ። ለጥቂት ወራት ተቀምጠው መንገዱ ሰላም ሲሆን ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው ጠርቶ ባልተነሳ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። «ብቻዎን ነዎት፤ ዓይንዎ ደክሟል፤ መኪናዋም አርጅታለች» የሚል ንግግር ሁለት ቀን ሙሉ ሳዘጋጅ ሰንብቻለሁ። ያቺ «ጠቅታ» ምስክር ሆና የቀረበችልኝ መሰለኝ።

«ሞተሪኖዋ አልቆላታል» አልኩ። «አዲስ መግዛት ነው። ለዚህች መኪና ግን ብሩ ያሳዝናል።»

አባቴ አልመለሱልኝም። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ በኤንትሬ ፊያት ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው አልደከመም። በትራቸውን ተደግፈው ወደ ኮፈኑ ተጠጉ።

«ፎሌ ናት? የእጅ ፍሬኑን ያዝ። አሁን የፊት መብራቱን አብራና ቁልፉን ጠምዝዝ። እኔ አላይም፤ እናንተ ንገሩኝ። መብራቱ ይደክማል ወይስ እንዳለ ነው?»

ከእኔ ብዙም የማይበልጠው ታናሽ አጎቴ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከመኪናዋ ፊት ቆመ። እኔ ጠመዘዝኩ። «ጠቅ»።

«እንዳለ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለ።

«እንግዲያው ባትሪውን አትሙት።»

ከዚያ እንደ አስተማሪ ቆጠሩልኝ። ቁልፉ ሲጠመዘዝ መብራቱ ጭልም ካለ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም የባትሪው ጫፎች ዝገው አላስተላልፍ ብለዋል። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ከተርገበገበ ኃይሉ አንሷል ማለት ነው። ሞተሪኖው ብቻውን እየዞረ ትልቁን ሞተር ካላንቀሳቀሰው ጥርሱ አልነከሰም። መብራቱ ሙሉ ሆኖ አንዲት «ጠቅ» ብቻ ከተሰማች ግን ነገሩ ሁለት ነው። ወይ ሞተሪኖው ራሱ ታሟል፣ ወይ ኃይሉ የሚመላለስበት መንገድ ተቆርጧል። «ሰው ሁሉ ወደ ሞተሪኖው ይሮጣል» አሉ። «አንተም እንደዚያው።»

ሞተሪኖ በጣልያንኛ ትንሽ ሞተር ማለት ነው። የጋራዥ አማርኛችን ፍሪሲዮኑም፣ ካንዴላውም፣ ካቻቪቴውም ከዚያው ከጣልያን የቀረ ነው። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለዳግማዊ ምኒልክ ስትመጣ ይህች ትንሽ ሞተር በመኪኖች ላይ ገና አልተለመደችም ነበር። መኪና የሚነሳው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲመልስ ክንድ ይሰብራል። ቻርለስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ነው። ሥራዋ የሁለትና የሦስት ሴኮንድ ነው፤ ትልቁን ሞተር ቀስቅሳ ትለቀዋለች። በዚያች ቅጽበት የምትፈልገው ኃይል ግን ብዙ ነው። አንድ የፊት መብራት አምፖል 5 አምፔር ያህል ሲበቃው፣ እርሷ 100 እና ከዚያም በላይ ትጠይቃለች።

አባቴ ከወንበሩ ኋላ የባትሪ ማበዳደሪያ ገመድ አስመጡኝ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አስያዙኝ። «አሁን ጠምዝዝ።»

መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ዶሮዎቹ ተበተኑ።

«ማሳው ነው» አሉ አባቴ፣ ፊታቸው በርቶ። «ማሳው ነው የተበላሸው።»

አጎቴ ክው ብሎ ወደ ጓሮው ዞረ። ጤፉ ቢጫ ወደ መሆን ደርሶ፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ተኝቷል። «ማሳው ምን ሆነ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ እስኪያነቡ ሲስቁ አየሁ። ከሞተሩ ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደውን፣ ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ገመድ መካኒኮች «ማሳ» ይሉታል። እርሱም የጣልያን ቃል ነው። መብራቶቹ በአካሉ በኩል የራሳቸው መመለሻ ስላላቸው የሞተሩ ማሳ ቢቆረጥም ሙሉ ሆነው ይበራሉ። ሞተሪኖው ግን መመለሻው ያ ብቻ ነው። ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ጠቅ» ብሎ ይቀራል፤ ያየውም ሁሉ ሞተ ይለዋል።

ሞተሩን አጥፍቼ ከሥር ገባሁ። «መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ» አሉኝ ከላይ፤ «ቁልፍህ አካል ቢነካ እሳት እንዳይተፋብህ።» የማሳው ገመድ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግሁ ሳለ አዲስ አበባ የነበሩባቸው ወራት መጡብኝ።

እኔ ቤት መብራታቸው ሙሉ ነበር። የቀረበላቸውን ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ የልጆቹን ስም አይረሱም። ግን ምንም የሚያስነሳቸው ነገር አልነበረም። ደጅ ወጣ እንበል ስላቸው «ደህና ነኝ» ይሉና ሶፋው ላይ ይቀራሉ። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ቫይታሚን ገዛሁ። በመጨረሻ ዕድሜ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሞተሪኖውን ነበር የምመረምረው። ማሳቸው የት እንዳለ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

አሁን ከላዬ ሆነው ከአጎቴ ጋር ስለ ጤፉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ማን ልጁን እንደዳረ ሲያወሩ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ጎረቤት የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ሊጠይቃቸው መጥቷል፤ የእርሱም የውሃ መሳቢያ ሞተር አልነሳ ብሎታል። «እንግዲህ እናየዋለን» ይሉታል። በአዲስ አበባ አንድም ሰው አንድም ነገር እንዲያዩለት አልለመናቸውም ነበር።

ገመዱን አጠበቅሁ፤ ኔጌቲቩን መለስኩ። ያለ ማበዳደሪያ ተነሳች።

የውሃ መሳቢያው ሲታይ፣ ቡናውም ሦስት ሲደርስ፣ ወደ ደሴ ስንነሳ ረፍዷል። ስጋቴ ጠፋ አልልም፤ ዛሬም ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር ልቤ ይመታል። ዳገቱን ስንያያዘው አባቴ ዘወር ብለው፣

«ልትነግረኝ ያሰብከው ነገር ነበር» አሉ።

ከመጣሁ ጀምሮ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

«ሞተሪኖ እንቀይር ልል ነበር» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው የሞተሩን ድምፅ አዳመጡ።

«አብሽር» አሉ፤ «ደህና ናት።»